ከጫጉላ ቤት የታቀደ ሽርሽር

ባሕር አይቼ አላውቅም። ስለ ዓሣ ማጥመድ ግን ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። በደርግ ጊዜ፣ አንድ ክረምት ሙሉ፣ መተማ ላይ ከአገዳና ከሣር በተሠራች ጎጆ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከፖርት ሱዳን ባሕር ዓሣ ሳወጣ ከርሜያለሁ። አብሮኝ ያጠመደው ሰው ባሌ ነበር። ባሌ ነበር ስል ሰው የሚያውቀውን ነው የምናገረው፤ የማያውቀውን ደግሞ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ያን ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና የሚሆን ወጣት ከየቀበሌው ይለቀም ነበር። አፈሳው ገበያ ላይ ተጀመረ፤ ከዚያ ሻይ ቤት ገባ፤ ከዚያ ሰውን ከተኛበት ማንሣት መጣ። የሚወሰደው ወደ ሰሜን ነው፤ ከሰሜን የተመለሰ ደግሞ እኛ ሰፈር አንድም አልነበረም። ባሌ ያልኳችሁ ሰው የትራክተር መካኒክ ነበር። ለእናቱ አንድ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ልክ እነሱ የሚፈልጉት ዕድሜ ነው። አባቱ ከመሞታቸው በፊት ከአባቴ ጋር አብረው ሰሊጥ ያርሱ ስለነበር፣ እናቱ አባቴ ዘንድ መጥተው አለቀሱ።

ዘዴውን ያመጡትም እሳቸው ናቸው። በእኛ አገር ሙሽራን ከጫጉላ ቤት ጎትቶ ማውጣት ነውር ነው። አብዮት ጠባቂውም የቀበሌው ሊቀመንበርም የዚሁ አገር ልጆች ናቸው፤ የሰው ቤት በር በሰደፍ ሲመቱ ያላፈሩ ሰዎች የጫጉላ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ያፍራሉ። ስለዚህ ልጁ ይሞሸር፤ ጫጉላ ይግባና ድንበር የሚያሻግረው ሰው እስኪገኝ ድረስ እዚያው ይቀመጥ ተባለ። ሙሽራዋስ? ሙሽራዋ እኔ ሆንኩ።

እንደ ደግ ሰው እሺ ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ተናደድኩ። እሱ ማዶ ተሻግሮ ሲገላገል፣ እኔ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ተብዬ ልቀር ነው፤ ያውም በመንገድ ሲያልፍ ከማየት በቀር ለማላውቀው ሰው። «እኔስ?» ብዬ አባቴን ጠየቅኋቸው። «የሰው ሕይወት ነው ልጀ» አሉኝ።

ሰርጉ ሐምሌ ላይ፣ የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ ሆነ። በዚያ ጭቃ ማን ያገባል? እንግዶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እየተንሸራተቱ መጡ። ሊቀመንበሩም መጣ፤ በላ፣ ጠጣ፣ ወላድ ሁኑ ብሎ መረቀን። በማግሥቱ ሚዜዎቹ «ብር አምባር ሰበረልዎ» እያሉ ወደ እናቴ ቤት መጨፈር ነበረባቸው። ምስጢሩን ያውቁ ስለነበር ጭቃውን ሰበብ አድርገው ቀሩ። ያን ጊዜ ትንሽ ነገር መስሎን ነበር።

ጫጉላ ቤታችን በእናቱ ግቢ ጥግ ላይ የቆመች ጎጆ ነበረች። እኔ መደቡ ላይ፣ እሱ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፎ እንተኛለን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው ያሳለፍኩት። እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እኔ ነጠላዬን እከናነባለሁ። አንድ ቀን ዝናቡ ሲወርድ፦

«አንች፣ ሙሽሮች ውጭ አገር ለሽርሽር ይሄዳሉ አሉ» አለ። እርሻው ላይ አብሮት ይሠራ የነበረ የግብርና ባለሙያ ነግሮት ነው። «እኛስ የት እንሂድ?»

«ወደ ሲኦል» አልኩት።

«እሱማ ቅርብ ነው። እኔ የምፈልገው ራቅ ያለ ነው።»

ሳልፈልግ ሳቅኩ። ፊቴን ወደ እሱ ያዞርኩት ያን ጊዜ ነው።

ውጭ አገር ለእኛ ሩቅ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ያለው ገላባት ሱዳን ነው። እዚያ አህያ ስታናፋ እኛ ቤት ይሰማል። የጣሪያቸው ጢስ ነፋሱ ካገዘው እኛ ግቢ ውስጥ ይገባል። ሆኖም ድልድዩ ላይ ጥበቃ አለ፤ ዳር ዳሩን ደግሞ የሚዞር ፓትሮል አለ። የሚያሻግረው ሰው በሁለቱም በኩል ሰሊጥ ያረሰ፣ ዋልካውን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ በክረምት ግን አልነካውም አለ። ዋልካ ጭቃ የረገጠውን እግር ይዞ ያስቀምጣል፤ ጠዋት ጥበቃው ኮቴውን ተከትሎ ይደርስባቸዋል። «ማሽላው ከሰው ቁመት ሲያልፍ፣ መሬቱም ጠንከር ሲል፣ ከመስቀል በኋላ» አለ። ማሽላው ያን ጊዜ ገና ጉልበት አልደረሰም።

እንግዲህ በአገዳው ግድግዳ ቀዳዳ ማሽላ ሲያድግ እያየን እንቀመጣለን። ማሽላ ሲያዩት አያድግም። እኔ ደጋግሜ ተሳደብኩበት።

ከዚያ በኋላ ሽርሽሩን ማቀድ የቀን ሥራችን ሆነ። አገሩን ተከፋፈልን። ገዳሪፍ የእሱ ነው፤ ልጅ እያለ፣ መንገዱ ሳይዘጋ፣ የሎሪ ረዳት ሆኖ ሄዶበታል። ፖርት ሱዳን የእኔ ነው። እኔ ከመተማ ወጥቼ ያየሁት ገንዳ ውሃንና ሽንፋን ብቻ ነው። ግን ከእናቴ ጋር ሻይ ስንሸጥ ከደንበኞቻችን አንዱ ሽማግሌ የሱዳን ሾፌር ነበሩ። ከወደቡ ዕቃ ጭነው ሲመጡ፣ ሻዩ ላይ ስኳር እስኪበቃቸው ያስጨምሩና ስለ ባሕሩ ያወሩኛል። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ወዲያኛው ዳር የለውም» ይሉኝ ነበር። ሌላውን ሁሉ እኔ ጨመርኩበት።

የእሱ ገዳሪፍ እየዞሩ መብላት ነው። ጠዋት ከሎሪ ማቆሚያው እንጀምራለን። እዚያ ፉል የሚሸጥ ሰው አለ፤ ባቄላውን በጠርሙስ ቂጥ ይደቁስና የሰሊጥ ዘይት ያፈስበታል። «ሰሊጡ ከኛው አገር የሄደ ነው» ይለኛል፤ ይኮራል ደግሞ፣ እሱ የዘራው ይመስል። አንድ ሳሕን ለሁለት እንበላለን። ከዚያ በእግር ወደ ገበያው፤ ጠዓሚያ፣ የሽምብራ ጥብስ፣ ከዘይቱ እንደወጣ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ። ቀጥሎ ወተት የበዛበት ሻይ። ቀጥሎ ከሰል ላይ የተጠበሰ የበግ ሥጋ፤ ሻጩ አንድ ዓይና ነው፣ ግን ሥጋ ሲመርጥ አይሳሳትም። ማታ ባስጣ፣ ስኳሩ በጣት መሐል የሚወርድ ጣፋጭ።

«ሕጉ አንድ ነው» ይለኛል። «የትም ቦታ አንጠግብም። እየቀመስን እናልፋለን።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው ምግብ ፊቱ ቀርቦለት ቀምሶ የሚያልፍ?»

«ሽርሽር ላይ ያለ ሰው።»

«እኔ የበጉ ሥጋ ላይ እቀመጣለሁ። አንተ ስትጨርስ መጥተህ ትወስደኛለህ።»

እንዲህ እየተጣላን እንውላለን። በዚህ መሐል ፍልሰታ ገባ። ሆዳችን ከሽሮና ከተቆላ ሽምብራ በቀር ሌላ አያውቅም፤ እኛ ግን ስለ በግ እንከራከራለን። ትልቁ ጥላችን ሽርሽሩ ጾም ላይ ከዋለ ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚል ነበር። እሱ ዓሣ ደም የለውም አለ። እኔ አለው አልኩ፤ የሽንፋ ወንዝ ዓሣ ሲታረድ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ የባሕሩ ሌላ ነው አለ። ሁለታችንም የማናውቀውን ነገር ይዘን ድምፃችን ከፍ ሲል እናቱ ከውጭ «ኧረ ቀስ በሉ!» ብለው ግድግዳውን በዱላ መቱት። በመጨረሻ አጥምደን መልሰን እንለቀዋለን ብለን ታረቅን።

እንዴት እንደሚጠመድ ግን ማወቅ ነበረበት። ሾፌሩ እንደነገሩኝ የዚያ አገር ዓሣ አጥማጅ በትንሽ የእንጨት ጀልባ ፀሐይ ሳትወጣ ይሄዳል፤ በትር አይይዝም፤ ገመዱን በጣቱ ላይ ጠምጥሞ መንጠቆውን ይጥላል። «ታዲያ ዓሣው እንደነከሰ በምን ያውቃል?» አለኝ። የልብስ መስፊያ ክር መዝዤ አንዱን ጫፍ የእሱ ጣት ላይ አሰርኩና ሌላውን ይዤ በሩ ጋ ሄድኩ። ዓይኑን ጨፈነ። ሳብ አደረግኩት። «ነከሰ!» አለ። «አይደለም፣ እሱ ማዕበል ነው። ዓሣ እንዲህ ነው» ብዬ ደግሜ ሳብኩት። ያን ቀን እስኪመሽ አጠመድን።

ይህን ስነግራችሁ ደስታ ላይ የነበርን ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ፈርተን ነበር። ሲነጋ እንፈራለን። ዝናቡ ሲያባራ የበለጠ እንፈራለን፤ ዝናቡ ሲያባራ ሰው ይወጣልና። ከግድግዳው ኋላ በኩል መንገድ ነበር፤ የቡትስ ጫማ ከጭቃ ሲነቀል የሚያሰማውን ድምፅ ከሌላው ሁሉ ለይተን እናውቀዋለን። ያ ድምፅ ሲሰማ ጀልባው ላይ እንደወጣሁ ዝም እላለሁ። ድምፁ ሲርቅ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። አንዳንዴ እኩለ ሌሊት ተነሥቼ ስለ ባስጣ አወራለሁ። ካላወራሁ እንደማብድ አውቅ ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር፤ አንዳችን ዝም ስንል ሌላው በግድ «እሽ፣ ከሻዩ በኋላስ?» ይላል።

ጾሙ ሊፈታ ሲል ወባ ያዘው። ጤና ጣቢያ መሄድ አይቻልም፤ ሙሽራ ታሞ ከጫጉላ ወጣ ከተባለ መዝግበው አያስቀሩትም? እናቱ ኮኪት ድረስ ሄደው ኪኒን በዱቄት ውስጥ ቀብረው አመጡ። ሦስት ሌሊትና ሦስት ቀን ነደደ። ሰሌኑ ላይ እየተወራጨ ይለፈልፋል፤ ባስጣውን ከፉሉ ያስቀድማል፣ ባሕሩን ገዳሪፍ ያመጣዋል፣ በጉ ጀልባ ላይ ነው። እኔ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ አድርጌ እጮህበታለሁ፦ «አይደለም! መጀመሪያ ፉሉ! ከዚያ ጠዓሚያ! ባሕሩ መጨረሻ ነው!» ለምን እንዲያ እንዳደረግኩ አሁንም አላውቅም። ተራው ካልተበላሸ የሚድን መስሎኝ ነው። ማርያምን ለመንኳት፤ ለዚህ ለማላውቀው ሰው ያን ያህል ማልቀሴ ራሴን አስገረመኝ።

ዳነ። ከስቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠና «ስንደርስ አንድ ሳምንት እንተኛለን፤ ከዚያ ነው ሽርሽሩ» አለ።

«ማን ነው ስንደርስ? የምትሄደው አንተ ብቻህን አይደለህ? የተባለው እሱ ነው።»

«ባሕሩን የምታውቂው አንች ነሽ። እኔ ብቻየን ምን ላጠምድ?» አለኝ።

ወደድኩት። ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም። ያን ዕለት ተስማማን፤ አብረን እንሻገራለን፣ ባልና ሚስት የምንሆነውም ማዶ ነው። በውሸት በተሠራ ቤት አይሆንም አለ፤ እኔም አይሆንም አልኩ። እሱ ሰሌኑ ላይ፣ እኔ መደቡ ላይ እንደሆንን ቀጠልን። ከዚያ በኋላ ግን ማሽላውን የማየው በሌላ ዓይን ነበር፤ አሁን የሚጋርደው እኔንም ነው።

ጾሙ ተፈታ። ይህ ለሌላው ሰው ደስታ ነው፤ ለእኛ ግን ጾሙ መከለያችን ነበር። የሙሽራዪቱ ቤተሰብ ሙሽሮቹን ጠርቶ መልስ ማብላት አለበት፤ በጾም ደግሞ መልስ አይጠራም። እስከዚያ ድረስ ለምን ዘገየ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ፍልሰታ ካለፈ በኋላ ግን እናቴ መጣች።

«መልሱስ?» አለችኝ።

«ከመስቀል በኋላ፣ እማ። ታውቂው የለም?»

«አውቃለሁ። ሴቶቹ ግን አያውቁም። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ብር አምባር ብሎ የጨፈረ ሰው አላየንም፣ መልስም አልተጠራ፣ ልጅቱ ምን ሆና ብትገኝ ነው ይላሉ። እኔን ይበሉኝ። አንችን ነው የሚሉሽ ልጀ፣ በንጽሕና ያሳደግሁሽን።»

«ይወስዱታል፣ እማ።»

«በቀን ነው የምጠራችሁ። ትበላላችሁ፣ ፀሐይ ሳትገባ ትመለሳላችሁ። ጫጉላችሁ የት ይሄድባችኋል?»

መልስ የጫጉላ ማብቂያ መሆኑን እናቴ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። የስንት ሰው መልስ አብስላለች! ግን ሁለቱን ነገር በአንድ ልብ መያዝ አልቻለችም፤ ልጇ ስሟ ሲጠፋ የምትቆምበት ጉልበት አልነበራት። ጉልበቷ ላይ ወድቄ ለመንኳት። እሷም አለቀሰች። አለቀሰችና ሄዳ ጌሾ ወቀጠች። ጠላው ተጠምቆ ሰፈሩ ከሰማ በኋላ ተወው ማለት ደግሞ ራሱ ወሬ ነው።

እሱን ተቆጣሁት። እንቢ በል አልኩት፤ ታምሜያለሁ በል አልኩት። «እሽ በያቸው» አለኝ። «ሰው አንችን በክፉ እያነሣሽ እኔ ተሻግሬ ሥጋ የምበላ ይመስልሻል?»

መልሱ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው እሁድ ሆነ። አሻጋሪው የዚያን ሳምንት ልኮብን ነበር፤ መሬቱ እየጠነከረ ነው፣ መስቀል እንዳለፈ ተዘጋጁ ብሎ። ማሽላው አገጬ ጋ ደርሶ ነበር።

የእናቴ ቤት ሞላ። ያሟት ሴቶች ሁሉ መጥተው እልል አሉ። እናቴ ያን ቀን ያማረባትን ያህል አምሮባት አይቼ አላውቅም፤ አንገቷ ቀና ብሎ፣ ወጡን ራሷ እያወጣች ታስተናግዳለች። ሊቀመንበሩም ተጠርቶ ነበር፤ እሱን ሳይጠሩ መቅረት ነገር መፈለግ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጦ በላ። እኔ እህል አልወርድ አለኝ። ባሌ ከጎኔ ሆኖ ቀስ ብሎ «ቅመሽና እለፊ» ይለኛል፤ ሳቅ አልመጣልኝም።

ተመርቀን ተነሣን። በሩ ላይ ስንደርስ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠብመንጃቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሊቀመንበሩ እጁን ታጥቦ፣ በፎጣው አድርቆ፣ ከኋላችን መጣ። አልጮኸም፣ አልተቆጣም።

«እስከ ዛሬ ሙሽራ ነበር፤ አልነካነውም» አለ። «መልሱ ተበላ። እንግዲህ እንደማንኛውም የአገር ልጅ ነው።»

በራሳችን ወግ ነው የያዘን። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክመው ለመኑት፤ አባቴ መሬት ላይ ተደፉ። ሊቀመንበሩ ግን ከበላይ የተጠየቅሁት ቁጥር ነው፣ ቁጥሩን ካልሞላሁ የራሴን ልጅ ነው የምሰጠው አለ። እውነቱን ይሁን ውሸቱን አላውቅም። እናቴ ከማጀት ድስቱን እንደያዘች ሮጣ ወጣች። ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው።

«አላለቀም!» ብላ ጮኸች። «መልሱ አላለቀም! አልጫውን አላቀረብኩም! ገና ነው፣ ገና አልበሉም! ተመለሱ፣ ግቡ፣ ገና ነው!»

ድስቱን ለሊቀመንበሩ ታሳየዋለች። ክዳኑን ከፍታ ታሳየዋለች። እሱ ፊቱን አዞረ።

ሲወስዱት እጁን አላሰሩትም፤ የሙሽርነት ልብሱን እንደለበሰ በመሐላቸው ሄደ። ልከተለው ስል ዞር ብሎ «ግቢ፣ ጭቃ ነው» አለኝ። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። በማግሥቱ ጠዋት ከሌሎች ጋር በመኪና ጭነው ወደ ጎንደር ወሰዱት።

መስቀል አለፈ። ማሽላው ከሰው በላይ ሆነ፤ መሬቱ ጠነከረ፤ አሻጋሪው በቀጠሮው መጣ። በሩ ላይ ቆሞ እኔን ብቻ ሲያይ ገባው። «አንችንስ ላሻግርሽ?» አለኝ። አልሄድም አልኩት። ከመጣ የት ያገኘኛል?

እናቴ ከዚያ በኋላ ሻይ መሸጡን ተወች። አንድም ቀን የወቀሳ ቃል ተናግሬያት አላውቅም፤ መናገር ይሻል ነበር መሰለኝ። ሌሊት «ገና ነበር እኮ» ስትል እሰማታለሁ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር በኮኪት በኩል መጣና ለሽማግሌዎች ነገራቸው። እነሱም ጎህ ሲቀድ ለእናቱ አረዷቸው። ጩኸቱ እኛ ቤት ሲሰማ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ነጠላዬን ይዤ ሮጥኩ። ግቢው ውስጥ ስገባ ግን እግሬ ቆመ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ እናቱ መሐል ናቸው። ሚስት የምትቀመጠው ከእናት ጎን ነው። ጎረቤት የሚቀመጠው አጥሩ ሥር ነው። እኔ የት ልቀመጥ? ለማስመሰል የተዳርኩ ነኝ፤ እጁን እንኳ የነካሁት ክሩን ሳስርለትና በወባው ጊዜ ብቻ ነው።

ከሩቅ የመጣች አንዲት ዘመዳቸው ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «ይችስ ምኑ ናት?» ስትል ሰማኋት። እናቱ ቀና ብለው አዩኝ። የሰርጉን ነገር ያሰቡት እሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው የት ይተኛ እንደነበር ያውቃሉ። እኔ እስክናገር ጠበቁኝ።

«ሚስቱ ነኝ» አልኩ።

ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀመጥኩ።